መልስ፦ «ፓዮኒር» ምን ሠርታ ነው ስሟ የሚነሳው?

ወንድሜ፣ «የባሕር ጥልቀት ስትለካ የኖረች የመንግሥት መርከብ ምን የተለየ ነገር ሠራች?» ላልከው፣ የፓዮኒር ታሪክ እንደዚህ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ሞብጃክ» የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቶርፔዶ ጀልባዎችን ታገለግል ነበር። በ1946 ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ተሰጠች፤ ስሟም «ፓዮኒር» ተባለ።

ዋናው ጉድ ያለው 1955 ላይ ነው። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ማዶ የባሕሩን ወለል እየለካች ስትመላለስ፣ ስክሪፕስ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ማግኔት መለኪያ አስጎተቷት። መሣሪያው ከኋላዋ ራቅ ብሎ በገመድ ነው የሚጎተተው፤ አለዚያ የመርከቧ ብረት ልኬቱን ያበላሸዋል። ዋናው ሥራ የጥልቀት ልኬት ነበር፤ ማግኔቱ እግረ መንገድ የተጨመረ ነው! ውጤቱ ካርታ ላይ ሲወጣ ወለሉ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ መስመር ጠንካራ፣ ቀጣዩ ደካማ ማግኔት። ለምን እንደሆነ ያኔ ማንም አልገባውም። በ1963 ቫይንና ማቲውስ የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች የውቅያኖስ ወለል እየተሰነጠቀ ይሰፋል ከሚለው ሐሳብና ከምድር ማግኔት መገለባበጥ (ሰሜንና ደቡብ ዋልታው በየዘመኑ ቦታ ከመለዋወጡ) ጋር አያይዘው እንዲህ ያለውን መስመር አስረዱ።

ፓዮኒር በ1964 ህንድ ውቅያኖስንም አጥንታለች። በ1966 ከአገልግሎት ወጣች።