የእርድ ኩርኩሚንና የትልቁ አንጀት ካንሰር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከስንት ቅመም መሀል እርድ፣ ከስንት ካንሰር መሀል የአንጀት ካንሰር ለምን ተመረጠ?

መልስ፦ ለእርድ ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ኩርኩሚን ወደ ደም እምብዛም አይገባም፤ የገባውንም ጉበትና የአንጀት ግድግዳ ቶሎ ለውጠው ያስወግዱታል። ለሌላ በሽታ ይህ ትልቅ እንከን ነው። ለትልቁ አንጀት ግን ሳይመጠጥ የቀረው ራሱ ግድግዳውን እየነካ ያልፋል። እንግሊዝ አገር ሌስተር ውስጥ ተሠርቶ በ2005 የታተመ ጥናት ላይ 12 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች በቀን እስከ 3.6 ግራም ለ7 ቀን ወስደው ነበር። በአንጀታቸው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ኩርኩሚን በሚለካ መጠን ሲገኝ፣ በደማቸው የታየው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናት ኤችቲ-29 ሴል (በላቦራቶሪ የሚያድግ የአንጀት ካንሰር ሴል) ላይ ልፈትነው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ 3.68 ሚሊግራም ኩርኩሚን በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ (በውሃ የማይሟሟውን የሚያሟማ ፈሳሽ) ያሟሙ፤ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። በማሳደጊያ ፈሳሽ ሺህ ጊዜ ሲቀጥን 10 ማይክሮሞላር ይሰጣል፣ ዲኤምኤስኦውም 0.1 በመቶ ላይ ይቀራል። ይኸው 0.1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ማነጻጸሪያ ጉድጓድ (ሴሎች የሚያድጉበት የሳህን ቀዳዳ) የግድ ያስፈልጋል። ጠርሙሱን በፎይል ይሸፍኑ፤ ብርሃን ያበላሸዋል። ገበያ ላይ «ኩርኩሚን» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ኩርኩሚን ነው፣ የቀረው የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ የንጽሕና ወረቀቱን ሳያዩ አይመዝኑ።

ሁለተኛ፣ አይጸናም። ሴረም (ለሴል ማሳደጊያ የሚጨመር የደም ፈሳሽ ክፍል) በሌለው ፈሳሽ፣ በፒኤች 7.2 እና በ37 ዲግሪ፣ 90 በመቶው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፈርሳል። 10 በመቶ ሴረም ሲኖር ግማሹ እስኪፈርስ 8 ሰዓት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ «ለ72 ሰዓት ኩርኩሚን ሰጠሁ» የሚል ተመራማሪ ለአብዛኛው ጊዜ የሰጠው ፍርስራሹን ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ሳይሟሟ ይዘቅጣልና በማይክሮስኮፕ ቢጫ ቅንጣት ይፈልጉ።

ሦስተኛ፣ መለኪያውን ያታልላል። 425 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል፤ ሲበራበትም ራሱ አረንጓዴ ይፈነጥቃል። ኦክሳይድ ጫናን (ሴልን የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶች መብዛትን) በአረንጓዴ ፍካት የሚለኩ ከሆነ ያዩት የሴሉ ምላሽ ሳይሆን የኩርኩሚኑ መልክ ሊሆን ይችላል። ሴል የሌለበት፣ ኩርኩሚን ብቻ ያለበት ጉድጓድ ይጨምሩ፤ ከማንበብዎ በፊትም ሴሎቹን ይጠቡ።

ጥያቄ፦ በሰው ላይስ ምን ታየ?

መልስ፦ በ2006 ኤፍኤፒ (አንጀትን በብዙ ፖሊፕ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ በሚችል ትንሽ እብጠት፣ የሚሞላ የዘር ሕመም) ያለባቸው 5 ሰዎች ኩርኩሚንና ኩዌርሴቲን (ከአትክልት የሚገኝ ሌላ ንጥረ ነገር) ወሰዱ፤ በአማካይ ከ6 ወር በኋላ የፖሊፖቹ ቁጥር 60 በመቶ ቀነሰ። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም፣ ሁለት ንጥረ ነገርም ተቀላቅሏል። በ2011 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ አጫሾችን ለ30 ቀን ተከታተለ። 4 ግራም የወሰዱት ላይ ከፖሊፕ በፊት የሚታዩ የተዛቡ የአንጀት እጢዎች 40 በመቶ ሲቀንሱ፣ 2 ግራም የወሰዱት ላይ ለውጥ አልታየም። ዋናው መለኪያ ተብሎ አስቀድሞ የተያዘው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 (ከብግነት ጋር የተያያዘ የሰውነት ኬሚካል) ግን በሁለቱም አልወረደም። እዚህም ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን) የወሰደ አልነበረም።

ወሳኙ በ2018 ወጣ። 44 የኤፍኤፒ ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን፣ ገሚሱ ፕላሴቦ ለ12 ወር ወሰዱ። በፖሊፕ ቁጥርም በመጠንም ልዩነት አልታየም። በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ «ይከላከላል» ማለት አይቻልም። ኤፍኤፒ ከተራው የአንጀት ካንሰር ስለሚለይ «በፍጹም አይረዳም» ማለትም አይቻልም።

ጥያቄ፦ አልጫ ላይ የምንጨምረው እርድ ያንን መጠን ይሰጠናል?

መልስ፦ እናስላው። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ብንል 90 ሚሊግራም ይሆናል። 4 ግራም ለማግኘት በቀን ከ40 በላይ ማንኪያ ነው፤ ያ አልጫ ሳይሆን ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ ቁንዶ በርበሬ ሲጨመርበት በደንብ ይገባል ይባላል።

መልስ፦ እውነት ነው። በ1998 የታተመ ጥናት 20 ሚሊግራም ፒፐሪን (ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር) በደም የሚገኘውን ኩርኩሚን 20 እጥፍ እንዳደረገው አሳይቷል። ዓላማው አንጀት ከሆነ ግን ወደ ደም መግፋቱ ምን ይጠቅማል? ጉዳትም አለው፤ አሜሪካና ጣሊያን ውስጥ ከእርድ ክኒን ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል፣ ከነዚህም ፒፐሪን የተቀላቀለባቸው ነበሩ።

ጥያቄ፦ የምንገዛው ዱቄት ችግር አለበት?

መልስ፦ ባንግላዴሽ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ እርሳስ ክሮሜት (ሊድ የተባለው ብረት ያለበት መርዛማ ቢጫ ቀለም) ሲጨመርበት ተገኝቷል። ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ በ58 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት። እኔ 41 ነኝ። ክኒኑን ልጀምር?

መልስ፦ ክኒኑን ትተው ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) ያስያዙ። የአሜሪካ መመሪያዎች ለሁሉም ሰው ከ45 ዓመት ጀምሮ ምርመራ ይመክራሉ፤ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ከታመመ ግን በ40 ወይም ዘመድዎ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ የሚቀድመውን። ለእርስዎ የሚቀድመው 40 ስለሆነ ጊዜው ደርሷል፤ ፖሊፕ ከተገኘም እዚያው ይነቀላል። የእርድ ክኒን ቀድመው ከጀመሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ።