“ባለቤቱ ነው ያዘዘኝ” ማለት አያድንሽም

እህቴ፣ ከኮንስትራክሽን ተመርቀሽ፣ ሳይት ላይ ፎርማን ሆነሽ ሠርተሽ፣ አሁን የመኖሪያ ቤት ሥራ በራስሽ ስም መያዝ ፈልገሻል። ያስፈራሽ ደንቡና ውሉ ነው። “ሕግ ልማር ወይስ ጠበቃ ይበቃኛል?” ብለሻል። ሕግ መማር አያስፈልግሽም። ጠበቃ ብቻም አይበቃሽም፤ ሶሌታ (የወለል ወይም የጣሪያ አርማታ) ሊሞላ ሲል ሳይት ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

ከሁሉ በፊት ይሄ ይግባሽ። ውሉ በአንቺና በባለቤቱ መካከል ነው፣ የሕንፃ ደንቡ ግን ሁለታችሁንም ይገዛል። ውል ከደንቡ የበለጠ ጥራት ሊጠይቅ ይችላል። ከደንቡ በታች ለመሥራት ብትፈራረሙ ግን ፊርማው አያድናችሁም። ባለቤቱ “ቦታው የኔ ነው፣ እስከ አጥሩ አስጠጊው” ይልሻል። የጸደቀው ፕላን ላይ ያለው ርቀት ካልተጠበቀ ሥራው ሲታገድ አንቺም ትጠየቂያለሽ።

ደንቡን ለፈተና እንደሚያጠና ሰው ከዳር እስከ ዳር አትሸምድጂው፤ በሥራው ቅደም ተከተል አንብቢው። በተለይ የሚሸፈን ሥራ ላይ ጠንቅቂ። ፌሮ ታስሮ፣ ፎርምወርክ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ቆሞ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ማን አይቶ ይፈርማል? ተቆጣጣሪው ሳያየው ከሞላሽው “አፍርሳችሁ አሳዩኝ” ሊልሽ ይችላል፣ ወጪውም ያንቺ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መጥቶ እንዲያይልሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የፌሮውን ርቀት ሜትር ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፣ ፊርማውን ሳትይዢ ሚክሰር አታስነሺ። የአርማታ ጥንካሬ በተለምዶ የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን ነው፣ የ7ኛው ቀን ውጤት ፍንጭ ብቻ ይሰጣል። ለምርመራ ከአርማታው በሚወሰደው ናሙና ኩብ ላይ ቀኑንና የተሞላበትን ቦታ ካልጻፍሽ ግን ውጤቱ የየትኛው ኮለን (ምሰሶ) እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ አይተሽ አትፈርሚ። ድሮዊንጉና ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃውና የሥራው ጥራት ዝርዝር) ቢጋጩ የትኛው ይበልጣል? ክፍያው ሥራው የት ሲደርስ ነው? ዕቃ የሚያቀርበው ማነው? ከየክፍያው የሚቀነሰው መያዣ ገንዘብ መቼ ይመለሳል? ከርክክብ በኋላ ጉድለት ቢገኝ እስከ መቼ ታስተካክያለሽ? ይሄ ካልተጻፈ ሥራው ሲያልቅ ጭቅጭቁ ይጀምራል።

ሰው የሚከስረው ግን ከሁሉ በላይ በቃል ትዕዛዝ ነው። ባለቤቱ ሳይት መጥቶ “ይቺን ግድግዳ ወዲያ ግፏት” ይላል፣ አንቺም ላለማስቀየም ትገፊያታለሽ፣ ክፍያ ሲደርስ “ተጨማሪ ብር መች አልሽኝ?” ይመጣል። በዚያው ቀን ጻፊለት፦ ምን ይለወጣል፣ ስንት ይጨምራል፣ ስንት ቀን ያዘገያል። በጽሑፍ እስኪስማማ አትንኪው። ለውጡ ኮለን ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) የሚነካ ከሆነ የባለቤቱ ስምምነት በቂ አይደለም፤ መሐንዲሱ ይፈርምበት፣ ፕላኑም እንደገና ይጽደቅ።

ከሥራሽ ለመልቀቅ አትቸኩዪ። አለቃሽን የሳይት መዝገብ አያያዝ፣ የቁጥጥር ጥያቄና የክፍያ ሰነድ ዝግጅት አንቺ እንድትሠሪው ጠይቂው። ደመወዝ እየተከፈለሽ የምትማሪው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የራስሽ የመጀመሪያ ውል ሲመጣ ደግሞ ያልገባሽ አንቀጽ ላይ ምልክት አድርጊና ሳትፈርሚ ለጠበቃ አሳዪው።