መልስ፦ ሴፍትሪያክሶን ለሚጥል በሽታ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ። ለኢንፌክሽን የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ለወንድምሽ የሚጥል በሽታ ይረዳ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሐሳቡ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

ግሉታሜት የአንጎል ሴሎችን የሚያነቃቃ ኬሚካል ነው። መልእክቱን እንዳደረሰ ቶሎ መነሳት አለበት። ይህን የሚሠሩት በዋናነት አስትሮሳይት የሚባሉት ደጋፊ ሴሎች ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ጂኤልቲ-1 የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ግሉታሜቱን እንደ ፓምፕ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ፓምፑ ካነሰ ግሉታሜቱ ይጠራቀማል፣ ሴሎቹም ከልክ በላይ ይነቃቃሉ፤ ይህም ሰውን ሊጥል ይችላል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሴፍትሪያክሶንና ዘመዶቹ ይህን ፕሮቲን እንደሚያበዙ አሳየ። ባክቴሪያ ከመግደል ጋር ምንም የማይገናኝ ሥራ! በኋላም በአይጦች ላይ ተሞክሮ የሚጥለውን የቀነሰባቸው ጥናቶች ወጡ። እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ሰው ላይ ግን ገና ነው። ለኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ) በሽተኞች በትልቅ ጥናት ተሞክሮ አልሠራም። ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ፣ ራሳቸው እንዲጥለው ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ አደራሽን፣ የሚወስደውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ። መድኃኒቱ እየወሰደም የሚጥለው ከሆነ፣ መቼና ለስንት ደቂቃ እንደጣለው ጻፊና ለነርቭ ሐኪሙ አሳዪው።