ስለ ብሎክቼይን ጌሞች የመጀመሪያ ዓመታት ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ልጅ «የመጀመሪያው የብሎክቼይን ጌም ክሪፕቶኪቲስ ነው» ብሎ ጽፎ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ብሎክቼይን ማለት ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው የሚይዙት፣ በብሎክ በብሎክ እንደ ሰንሰለት የሚቀጣጠል መዝገብ ነው። ክሪፕቶኪቲስ ደግሞ እዚያ ላይ ድመት የሚዳቀልበት ጌም ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ከ2014 እስከ 2018 ያለውን ጠይቁኝ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ዋጋ አልተነብይም። የዋሌታችሁን (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳችሁን) 12 የምሥጢር ቃላት ደግሞ ለማንም እንዳትልኩ፣ ለእኔም ቢሆን።

ሳሚ፦ እሺ ጋሼ፣ ኪቲስ ካልሆነ የመጀመሪያው ማነው?

መልስ፦ ሀንተርኮይን። ፌብሩዋሪ 2014 ነው የጀመረው፣ ኪቲስ የሚሠራበት ብሎክቼይን ኢቴሪየም ገና ሥራ ሳይጀምር። የተሠራው ከኔምኮይን ኮድ ነው፣ ኔምኮይን ራሱ ከቢትኮይን ኮድ የወጣ ነው።

እንዴት እንደሚጫወቱት ልንገራችሁ። ትልቅ ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ ሳንቲም ተበትኗል። አራት ቡድን አለ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። እያንዳንዱ ቡድን የካርታው አንድ ማዕዘን ላይ ነው ቤቱ። ሰውዬህን ትልክና ሳንቲም ትለቅማለህ። ግን ለቅመህ ወደ ማዕዘን ካልተመለስክ ያንተ አይሆንም። መንገድ ላይ ጠላት አጠገብህ ደርሶ ራሱን ካፈነዳ አለቀልህ፣ የያዝከው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ሌላው ይለቅመዋል። ብሎክ የሚወጣው በደቂቃ አንድ ገደማ ስለሆነ ጨዋታውም በደቂቃ አንዴ ነው የሚራመደው። ጠላት ሲመጣ እያየህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትጠብቃለህ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የኩባንያ ሰርቨር የለም። እያንዳንዱ እርምጃ ብሎክቼይኑ ላይ ይጻፋል፣ የጨዋታውን ሕግ የሚያሰላው የእያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ነው። ቶከኑ (ብሎክቼይኑ ላይ የተመዘገበው ንብረት) ብቻ ሳይሆን ጌሙ ራሱ ሰንሰለቱ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ይህንን ትተውታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሜሮን፦ ታዲያ ለምን አልቀጠለም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ሳንቲሙ ገንዘብ ስለሆነ ቦት (ራሱ የሚጫወት ፕሮግራም) መጣ። ቦት አይተኛም፣ አይሰለችም። አንድ ሰው ብዙ ሰውዬዎችን በፕሮግራም እያሰማራ ካርታውን ይጠርግ ጀመር። በእጁ የሚጫወተው ሰው ምን ይተርፈዋል? በዚያ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ስለሚመዘገብ ሰንሰለቱ አበጠ። ገንዘብ የሚያስገኝ ጌም ላይ ቦት ይመጣል፣ ይሄንን ያዙልኝ።

ቢኒ፦ ቢትኮይን ዘንድሮ ስንት ይገባል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሄለን፦ ከሀንተርኮይን ቀጥሎስ የትኛው መጣ?

መልስ፦ ስፔልስ ኦፍ ጀነሲስ። ኤቨርድሪምሶፍት የሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሠራው የካርድ ጌም ነው። ቢትክሪስታልስ የተባለውን ቶከን በ2015 ሸጠው ገንዘብ አሰባሰቡ። ካርዶቹ ቢትኮይን ላይ በተሠራው፣ ካውንተርፓርቲ በሚባለው የቶከን ማውጫ ሥርዓት ላይ የወጡ ቶከኖች ናቸው። ጌሙ ለሕዝብ የደረሰው በ2017 ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ካርዱ ብሎክቼይን ላይ፣ ጨዋታው ኩባንያው ጋ። መንገዱ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ነው።

ዮኒ፦ ክሪፕቶፓንክስም ከኪቲስ ይቀድማል። ጁን 2017 ነው።

ሜሮን፦ ፓንክስ ጌም ነው እንዴ? 10,000 ሥዕል ነው። ምን ትጫወትበታለህ?

ዮኒ፦ መሰብሰብ ጨዋታ አይደለም? ልጅ ሆነን ቆርኪ አንሰበስብም ነበር?

ሜሮን፦ ቆርኪውን እኮ ሰብስበን እንጫወትበት ነበር። ተወራርደን እንበላላ ነበር። ፓንክህን ግን ዝም ብለህ ነው የምታየው።

ዮኒ፦ ትሸጠዋለህ፣ ትለውጠዋለህ፣ ያም ጨዋታ ነው።

መልስ፦ ልጆች፣ ይበቃል። ሜሮን ልክ ናት። ፓንክስ የራሱ ታሪክ አለው፣ ግን ጌም አይደለም። ቀጥሉ።

ተማሪው፦ ስለ ኤንኤፍቲ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? እንዲህ ሰፊ አድርጋችሁ ስትጠይቁ አንድ ሌሊት አይበቃኝም። ባጭሩ፦ አንድ መቶ ብር ከሌላ መቶ ብር ጋር ብትቀያየር ምንም አይጎድልብህም። የመኪና ታርጋ ግን አንዱ ከሌላው ይለያል። ኤንኤፍቲ እንደ ታርጋው ነው፣ እያንዳንዱ ከሌላው የሚለይ ቶከን። ኢቴሪየም ላይ ያለው ደንብ ኢአርሲ 721 ይባላል። ከጻፉት አንዱ የክሪፕቶኪቲስ መሐንዲስ ዲተር ሸርሊ ነው።

ሩት፦ ክሪፕቶኪቲስ ኢቴሪየምን አጨናነቀ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የሠራው የቫንኩቨሩ አክሲዮም ዜን ነው፣ የወጣው በኖቬምበር 2017 መጨረሻ። ዲሴምበር ሲገባ ኢቴሪየም ላይ ከሚላከው ትራንዛክሽን (መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ የሚላክ ትእዛዝ) ከ10 በመቶ በላይ የድመት ጉዳይ ሆነ። ጀነሲስ የተባለችው የመጀመሪያዋ ድመት በ247 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ገደማ ተሸጠች፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ።

አንድ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሁለት ድመት ታዳቅላለህ፣ አንዷ ታረግዛለች። ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይኑ ላይ የተጫነው የጌሙ ፕሮግራም) ግን በራሱ ሰዓት አይነሳም። ግልገሏ እንድትወለድ አንድ ሰው ትራንዛክሽን መላክ አለበት። አዋላጅ በሉት። ለአዋላጁ 0.001 ኢተር ተመድቦ ነበር። መረቡ ሲጨናነቅ የማስላኪያው ክፍያ ናረና አዋላጅነት ኪሳራ ሆነ። ድመቶች ምጥ ላይ ቆመው የቆዩት በዚህ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ለአዋላጁ የሚመደበውን ወደ 0.002 አሳደገው።

ሌላው፦ የድመቷ ዘረ መል ቁጥር ብሎክቼይኑ ላይ ነው። ሥዕሏ ግን ከኩባንያው ሰርቨር ነው የሚመጣው። ዘር የሚቀላቅለውንም ኮንትራት ኮድ አልገለጡትም ነበር፣ ተጫዋቾች በትዕግሥት ፈተው ነው የደረሱበት።

ኤርሚ፦ ጋሼ የመጀመሪያው ጌም የትኛው ነው?

መልስ፦ ኤርሚ፣ ከላይ። የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ኪያ፦ ኮንትራቱ ራሱ ተሳስቶ ገንዘብ ያሰጠመ ጌም ነበር?

መልስ፦ ነበር። የኢተር ዙፋን ንጉሥ የሚባል። ዙፋኑን ለመያዝ ትከፍላለህ፣ ክፍያህ ኮሚሽን ተቀንሶ ለቀድሞው ንጉሥ ይሄዳል፣ የቀጣዩ ዋጋ በግማሽ ይጨምራል። ፌብሩዋሪ 2016 ላይ ለአንዳንድ ነገሥታት ክፍያው አልደረሰም። ዋሌታቸው ራሱ ኮንትራት ነበር። ከክፍያው ጋር የሚላከው 2,300 ጋዝ (ኮድ ለማስኬድ የሚመደበው መጠን) ደግሞ ያንን ዋሌት ለማሠራት አይበቃም። ክፍያው ከሸፈ፣ ኮንትራቱ ግን መክሸፉን አላጣራም። ገንዘቡ እዚያው ቀረ፣ ንግሥናው ለሌላ ተላለፈ። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ገንዘብ ስትልኩ መድረሱን አጣሩ።

ቢኒ፦ አክሲ ኢንፊኒቲስ? አሁን ቢገዛ ያዋጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልተነብይም ብያለሁ። አክሲ በ2018 የተጀመረ የቬትናም ጌም ነው። ገኖ የወጣው በኋላ ስለሆነ ከዛሬው ርዕስ ውጭ ነው። በማርች 2022 ገንዘብ ከኢቴሪየም ወደ አክሲ ሰንሰለት ከሚያሻግረው ከሮኒን ድልድዩ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰርቋል። ከዘጠኙ ማጽደቂያ ቁልፎች አምስቱ ሌባ እጅ ገብተው ነው።

ዮኒ፦ ካርዳኖ የሚባለው ብሎክቼይንስ? ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በ2021 ተስማምተው አልነበር?

መልስ፦ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች መረጃ ጉዳይ ነው፣ ጌም አይደለም። ሌላ ቀን።

ትዕግስት፦ እኔ የአንድ ጌም ጀግኖች ገዝቼ ነበር። ኩባንያው ዘጋ። ዋሌቴ ውስጥ ቶከኑ አለ፣ ሥዕሉ ግን ባዶ ነጭ ሆኗል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ትዕግስትዬ፣ አዝናለሁ። የቀረሽ ቁጥሩ ነው፣ ማንም አይነጥቅሽም። ግን ቁጥሩን ጀግና ያደርግ የነበረው ሰርቨር ጠፍቷል። አንድ ነገር ሞክሪ። የኮንትራቱን አድራሻ ብሎክ ማሳያ (መዝገቡን የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ አስገቢና «ቶከን ዩአርአይ» የሚለውን የቶከንሽን ቁጥር ሰጥተሽ ጠይቂው። የሚመልስልሽ አድራሻ የኩባንያው ድረ ገጽ ከሆነ ሥዕሉ አብሮ ሄዷል። በ«አይፒኤፍኤስ» (ፋይል በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት መረብ) የሚጀምር ከሆነ ግን ሌላ ሰው አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፣ ካስቀመጠው ይገኛል። «እመልስልሻለሁ» ብሎ 12ቱን ቃላት የሚጠይቅሽ ቢመጣ ሌባ ነው።

ትዕግስት፦ አየሁት ጋሼ። አይፒኤፍኤስ ይላል።

መልስ፦ እሰይ! አድራሻውን እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እንፈልገዋለን።