ደጃፍ ላይ ያለን በረዶ በማሞቂያ ማቅለጥ፦ የጎንደር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ብርድ አገር የበረዶ ማቅለጫ የምዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ለጥምቀት ጎንደር መምጣቴን ሰምታችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ልጄ ሚኒሶታ ናት። ደጃፏ ላይ በረዶ አንሸራትቷት እጇ ተሰበረ። መሬቱን ማሞቅ ይቻላል ይላሉ፤ እውነት ነው ወንድሜ?

እውነት ነው እትዬ፣ እግዜር ይማርልዎ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ አርማታው ውስጥ የሚቀበር የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ሌላው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ቦይለር (የውሃ ማሞቂያ ጋን) ያሞቀው፣ በረዶ እንዳይሆን ግላይኮል የተቀላቀለበት ውሃ ይዞርበታል። ቱቦው ለሰፊ ግቢ ያዋጣል። አይስላንድ ሬይካቪክ ውስጥ ቤት አሙቆ የተመለሰ ፍል ውሃ የእግረኛ መንገድ ያቀልጣል። ለአንድ ደጃፍ ግን ገመዱ ይሻላል።

መብራት አይበላም እንዴ?

ይበላል። ለአንድ ካሬ ሜትር 400 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ወርዱ 1፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ መንገድ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደውን ያህል ነው። ይሄ ግን ለሰዓታት ይሠራል። ስለዚህ ቅዝቃዜንም እርጥበትንም የሚለይ ሴንሰር ይግባለት። ደረቅ ብርድ ሲሆን አይነሳም። ደግሞ ግቢው በሙሉ አይሙቅ፤ ከበር እስከ መኪናው ይበቃል።

ጨው መበተንስ?

ርካሽ ነው። ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጉልበት ያጣል፤ አርማታም ይጎዳል።

አዘዞ ግንበኛ ነኝ። ሰው የሚስተው ምኑን ነው?

ውሃው የት እንደሚሄድ። በረዶው ቀለጠ እንጂ አልጠፋም። ከሞቀው መንገድ ጠርዝ ሲያልፍ መልሶ በረዶ ይሆናል፤ ሰውም እዚያው ይወድቃል። ተዳፋቱን ከቤቱ ወደ ውጭ አድርገው፣ በሜትር 2 ሴንቲ ይበቃል። የውሃ መውረጃውም ውስጥ ገመድ አስገባ፤ አለዚያ በረዶ ይዘጋዋል። ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይባክን ከሥር ፎም አንጥፍ። ገመዱ ከአርማታው ገጽ 5 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይበል፤ አይደራረብ፣ አይቆረጥ። ሌኬጅ ሲኖር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከገመዱ ሲያመልጥ፣ መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከር ግዴታ ነው።

አርማታው ከመፍሰሱ በፊት፣ ሲፈስም፣ ካለቀም በኋላ የገመዱን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) ለካ። አካፋ ነክቶት ከሆነ ያኔውኑ ታውቃለህ። ከደረቀ በኋላ መፍትሔው መቆፈር ነው። አርማታው 28 ቀን ሳይሞላውም ገመዱን እንዳታበራው።

የተሠራ አርማታ ላይስ?

አብዛኛውን ጊዜ ማፍረስ ይጠይቃል። ካልሆነ ከላይ የሚነጠፍ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የጎማ ምንጣፍ አለ።

ደባርቅ ሎጅ እየሠራሁ ነው። ላስገባ?

አያስፈልግህም። የዚያ አገር ውርጭ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል። ገንዘቡን ለሻካራ የድንጋይ ንጣፍና ለደረጃ መደገፊያ አውለው።