የቤት አበሌ ለጡረታዬ ለምን አይታሰብም?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት የልማት ድርጅት የቡድን መሪ ነኝ። ዕድሜዬ 58 ዓመት ከ9 ወር ነው። 60 ሲሞላኝ 28 ዓመት አገልግሎት ይኖረኛል። ከሦስት ወር በፊት የደረጃ ዕድገት አግኝቼ ደመወዜ ከ18,000 ብር ወደ 22,000 ብር ከፍ ብሏል። በተጨማሪ በየወሩ የቤት አበል 3,000፣ የኃላፊነት አበል 1,800፣ የትራንስፖርት 1,200 ብር ይከፈለኛል። ከዕድገቱ በፊትም ለአንድ ዓመት ያህል በተጠባባቂነት ስሠራ የተጠባባቂነት አበል ነበረኝ። የሰው ሀብት ክፍሉን ስጠይቅ “ጡረታሽ የሚታሰበው ከመሠረታዊ ደመወዝሽ ብቻ ነው” አሉኝ። ግብር ሲሆን ከቤት አበሌም ላይ ይቆረጣል፤ ጡረታ ሲሆን ለምን ይቀራል? ባልደረቦቼ ደግሞ “ከደከመሽ አሁኑኑ ውጪ፣ ደመወዝሽም ከፍ ብሏል” ይሉኛል። ሌላም ነገር አለ። ከ9 ዓመት በፊት ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሬ ስመጣ ለመጀመሪያዎቹ 7 ወራት የጡረታ አልተቆረጠብኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጥያቄዎን በጊዜ በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው የጡረታ ደብተሩ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ የሚስተካከለው ነገር ጥቂት ነው። እርስዎ ግን 15 ወር አለዎት።

ከዋናው ጥያቄ ልጀምር። የሰው ሀብት ክፍሉ የነገረዎት ትክክል ነው። በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በጡረታ ሕጉ “ደመወዝ” የሚባለው ሠራተኛው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ለሚሰጠው አገልግሎት የሚከፈለው ሙሉ የወር ደመወዝ ነው፤ የሥራ ግብርም ሆነ ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት። ቃሉ አጭር ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው እርስዎን ይጠቅማል። ጡረታዎ የሚታሰበው እጅዎ ላይ ከሚደርሰው የተጣራ ገንዘብ ሳይሆን ግብር ከመቆረጡ በፊት ካለው ደመወዝ ነው። የብድር፣ የዕቁብ፣ የማኅበር ተቀናሽም ቢኖርብዎት ጡረታዎን አይነካውም። ሁለተኛው ግን አበሎቹን ከውጭ ያስቀራል። የቤት አበል ለመኖሪያ፣ የትራንስፖርቱ ለመጓጓዣ፣ የኃላፊነቱ በያዙት ወንበር ምክንያት የሚሰጡ ናቸው። ከወንበሩ ሲነሱ አበሉም ይቀራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ ቦነስ፣ የሐኪሞች የዲዩቲ ክፍያ፣ መምህራን በኤክስቴንሽን የሚያገኙት፣ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው።

የተጠባባቂነት አበልዎም እንዲሁ ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስቆጫል፤ እውነት ለመናገር እኔም ይቆጨኛል። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የአለቃውን ሥራ ተሸክሞ ይከርምና ያ ዓመት ለጡረታው በድሮው ደመወዝ ይቆጠርለታል። ነገር ግን ተጠባባቂ ሆነው ሲመደቡ የደረጃዎ ደመወዝ አይለወጥም። የሚከፈለዎት ልዩነት በአበል ስም ነው። ደመወዝዎ የተለወጠው የዕድገት ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ ነው።

“ታዲያ ግብሩ ለምን?” ላሉት፦ ግብርና ጡረታ የሚመሩት በተለያዩ ሕጎች ነው። የገቢ ግብር ሕጉ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢን በሙሉ ነው የሚያየው፤ ነጻ ያደረጋቸውን ጥቂት ክፍያዎች ለይቶ ሌላውን ግብር ያስከፍላል። የጡረታ ሕጉ የሚያየው ደመወዙን ብቻ ነው። አንዱ ያስገባውን ሌላው ማስገባት አይጠበቅበትም። ይህ ቅር ቢያሰኝም አንድ ፍትሐዊ ጎን አለው። ከአበሎቹ ላይ መዋጮም አልተወሰደም። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ የሚያዋጡት ከዚያው ከደመወዙ ላይ ነው። እርስዎ ዘንድ ይህ 1,540 እና 2,420 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። የዚህን ወር የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎን ያውጡና የጡረታ ተቀናሹን ይመልከቱ። 1,540 ብር ከሆነ ልክ ነው። 1,260 ብር ከሆነ ዕድገትዎ ገና ፔይሮሉ ላይ ለጡረታ አልደረሰም ማለት ነው፤ ከድሮው 18,000 ላይ እየቆረጡ ነው። 1,960 ከሆነ ደግሞ ከአበሎቹም ላይ እየወሰዱ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት አይጠቅመኝም አይጎዳኝም ብለው አይለፉት። ከአበል ላይ ስለተቆረጠ ብቻ አበሉ ወደ ደመወዝነት አይለወጥም። ገንዘቡ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስሙ ብቻውን ግን አይወስንም። አንዳንድ ድርጅት የደመወዝ ስኬሉን ሲያሻሽል ቀድሞ በአበል መልክ ይከፍል የነበረውን ደመወዙ ውስጥ ይቀላቅለዋል። ይህ ሥልጣን ባለው አካል ጸድቆ የደረጃው ደመወዝ ሆኖ ከተጻፈ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመወዝ ነው፤ መዋጮም ይቆረጥበታል። ድርጅትዎ እንዲህ ያለ ማሻሻያ አድርጎ ከሆነ ደብዳቤውን ይፈልጉት። እንዲሁም ድርጅቱ ከጡረታው ሌላ ፕሮቪደንት ፈንድ (ለሠራተኛው የሚጠራቀም የቁጠባ ገንዘብ) ካለው፣ ያ የሚታሰበው በራሱ መመሪያ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነውና ለብቻው ይጠይቁ።

አሁን “አሁኑኑ ውጪ” ወደሚለው ምክር ልምጣ። 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከመጦሪያ ዕድሜው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ በፈቃዱ ሲወጣ ጡረታ ያገኛል። ስለዚህ መብቱ አለዎት። ባልደረቦችዎ የረሱት ግን ጡረታ ከመጨረሻው ወር ደመወዝ አይታሰብም። የሚታሰበው ከመውጣትዎ በፊት ካሉት የ3 ዓመታት ደመወዝ አማካይ ነው። ዛሬ ቢወጡ ከ36ቱ ወራት 33ቱ በ18,000፣ 3ቱ ብቻ በ22,000 ነው የሚያዙት። አማካዩ 18,333 ብር ገደማ ይሆናል። 60 ሲሞላዎ ቢወጡ ግን 18ቱ ወር በድሮው፣ 18ቱ ወር በአዲሱ ስለሚሆን አማካዩ 20,000 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ከአሁን በኋላ የሚሠሩት እያንዳንዱ ወር አማካዩን በ111 ብር ያህል ከፍ ያደርገዋል።

መቶኛውም ከአገልግሎትዎ ጋር ያድጋል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእርስዎ 28 ዓመት ሲሞላ 18ቱ ዓመት 22.5 በመቶ ያስጨምራል፤ ጠቅላላው 52.5 በመቶ ይሆናል። ከ20,000 ላይ 10,500 ብር ነው። አበሎቹን ሁሉ ደምረው ከ28,000 ላይ አስበውት ከነበረ 14,700 ብር ጠብቀው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን ዛሬ እንዲያውቁት የምፈልገው፤ የቤት ኪራዩንም የልጆቹንም ነገር በዚሁ ልክ እንዲያቅዱ። ባለጡረታው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው የተተኪ አበልም የሚሰላው ከዚሁ ላይ ነው። የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የጡረታውን 50 በመቶ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የጎደለ ብር ለቤተሰብም ይጎድላል።

ጤናዎ ግድ ካላለ በስተቀር ባይቸኩሉ እመርጣለሁ። የደከመ ሰው ግን መብቱን ተጠቅሞ ቢወጣ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ዋጋውን አውቀው ይወስኑ።

የ7 ወሩን ነገር በተመለከተ፣ መዋጮ ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ የአሠሪው ነው። ሳይቀንስ የቀረ መሥሪያ ቤት ኃላፊነቱ የራሱ ነው። እርስዎ በሥራ ላይ ነበሩ፣ ደመወዝም ተከፍሎዎታል። ችግሩ ይህን ማስረዳት ነው። የ9 ዓመት ፔይሮል ፍለጋ ቀልድ አይደለም፤ የሒሳብ ሠራተኛው ተቀይሮ፣ ሰነዱም መጋዘን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ይጀምሩት። የዝውውር ደብዳቤዎን፣ ሥራ የጀመሩበትን ማረጋገጫ፣ የእነዚያን ወራት የደመወዝ ዝርዝር ኮፒ ያሰባስቡ። በባንክ ይከፈልዎት ከነበረ የሒሳብ መግለጫ ያውጡ። ከዚያ ለድርጅትዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በግልባጭ ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ያሳውቁ። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይሰጠው አይመለሱ። በቃል የተባለ ነገር በኋላ አይገኝም።

እግረ መንገድዎን የግል ማኅደርዎን አስከፍተው የትውልድ ዘመንዎን ይዩ። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ነው። እርስዎ የሚያውቁት 60 እና ማኅደሩ የሚያውቀው 60 ከተለያዩ የ15 ወሩ ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ጡረታዎ ተወስኖ ሲደርስዎ በደብዳቤው ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ የአገልግሎት ዘመኑንና አማካይ ደመወዙን። ከ28 ዓመትና ከ20,000 ብር የተለየ ካገኙ ይግባኝ ከማለትዎ በፊት መጀመሪያ ስህተቱን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ካልተስተካከለ ጉዳዩን የሚያየው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ነው። የይግባኝ ጊዜ ስለሚያልፍ ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ኤንቨሎፑ ላይ ይጻፉና በዚያው ሳምንት ወደ ጠበቃ ይሂዱ።