ከግድግዳው ማዶ

«ጋሼ፣ የስፔክትሮፎቶሜትሩ ንባብ ይዘላል፤ መብራቱን ልቀይረው?» ብሎ አንድ ወጣት ባለሙያ ትናንት ማታ ቪዲዮ ላከልኝ። ስፔክትሮፎቶሜትር ናሙና ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው፤ መብራት ያለው በውስጡ ነው። ሳልመልስለት አደርኩ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆነው። ክፍለ ሀገር ወዳለ አንድ ላቦራቶሪ ለጥገና ተጠርቼ ሄድኩ። የመሣሪያው መርፌ ናሙና ሳይገባበት ይንቀጠቀጣል። የላቦራቶሪዋ ልጅ «ሁልጊዜ አይደለም እኮ፤ የሚብሰው ከሰዓት ነው» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። በእርሳስ መዝግባዋለች፤ 8፡20፣ 8፡45፣ 9፡10። እኔ እቴ! ስንት አገር የዞርኩ ባለሙያ የልጅ ደብተር ላነብ? በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ወራት የፈጀውን መብራት ቀየርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበርና መርፌው ረጋ አለ። ሪፖርቴ ላይ «የአያያዝ ጉድለት» ብዬ ጽፌ ተመለስኩ። ልጅቷ በኔ ወረቀት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

በዓመቱ ለሌላ ሥራ ስሄድ እሷ ለቅቃለች፤ መርፌው ግን እንደዚያው ነው። ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ከግድግዳው ማዶ ብየዳ ጭስስ ሲል መርፌውም አብሮ ዘለለ። የበርና መስኮት ሠራተኞች ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አይሠሩም። ስፒናውን ነቅዬ አየሁት። መሃለኛው እግር፣ የኧርዙ (መሣሪያውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው)፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት እንዲገባ በመጋዝ ተቆርጧል። ያንን ስፒና መጀመሪያ ቀንም በእጄ ይዤው ነበር።

ብርሃኑን የሚቀበለው ፎቶመልቲፕላየር የሚሰጠው ጅረት በናኖአምፔር (የአምፔር ቢሊዮንኛ)፣ ቢበዛ በማይክሮአምፔር (የአምፔር ሚሊዮንኛ) የሚቆጠር ነው። በያጁ ደግሞ 100 አምፔር ይለቃል፤ ኧርዝ ከሌለ የሱ ረብሻ ያችን ትንሽ ጅረት ይውጣታል። ኧርዝ ቀበርንለት፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ኧርዙ ይደክማልና ውኃ አጠጡት አልኩ። ዘበኛው እዚያው ጎመን ተከለበት፤ ከዚያ ወዲህ ማስታወስ አላስፈለገኝም።

የሲግናል ገመዱን ሺልድ (ረብሻ እንዳይገባ ገመዱን የሚሸፍነውን የብረት ልባስ) በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ አድርጉ፤ በሁለቱም ካሰራችሁት በራሱ ውስጥ ጅረት ይዞርበታል። እንደ ሞባይል ስልክ ላለ የሬዲዮ ሞገድ ግን ሁለቱም ጫፍ ይሻላል። አዎ፣ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ሞክራችሁ እዩት። ያሁን ልጆች መለዋወጫ ለማዘዝ ፈጣን ናችሁ። እኔም ብሆን ትርፍ መብራት ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «ልጄ፣ መብራቱን አትንካው። መጀመሪያ ማሽኑ አናት ላይ ያስቀመጥከውን ሁለተኛውን ስልክህን አንሳ። ስፒናውን ነቅለህ እየው፤ ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለም ጠይቅ። ከዚያ ደብተር ይዘህ ተቀመጥና የሚዘልበትን ሰዓት ጽፈህ ላክልኝ። ያንተን አነበዋለሁ።»